እሳት የጠፋባቸው ቤቶች፦ የምዕራብ ጎጃም ኦና በፎቶግራፍ ጥበብ ሲዳሰስ

በምዕራብ ጎጃም ሰው የለቀቀው ቤት ብዙ ክረምት አይሻገርም። የሚሠራው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ነው፤ እነዚህን አጽንቶ የሚያቆያቸው ደግሞ ውስጡ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። ጠዋትና ማታ ከምድጃው የሚነሣው ጭስ የጣሪያውን ሣር ያደርቃል፣ ነቀዝ ያርቃል፣ ወራጁንና ማገሩን በጥቀርሻ ይለብጣል። የቤቱ እመቤት እበትና ጭቃ ለውሳ የተሰነጠቀውን ትመርጋለች፤ አባወራው በበጋ ሰንበሌጥ አሳጭዶ የሳሳውን ያስከድናል። እሳቱ በጠፋ በመጀመሪያው ክረምት ጉልላቱ ይላላል፤ ውሃው ምሰሶውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ዝናብ በሚመታው በኩል ያለው ምርጊት ተንሸራትቶ ይወድቅና ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ይገጣል። በሁለተኛው ክረምት ምስጡ ከሥር፣ ዝናቡ ከላይ ሲሠሩበት ግድግዳው ያዘነብላል። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚጥልበት አገር ከዚህ የተለየ አይጠበቅም።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ባዶ የገጠር ቤትን በጥበብ ዓይን ማንሣት በዓለም ላይ የታወቀ የፎቶግራፍ ዘርፍ ሆኗል። ብዙዎቹ ሥራዎች የተመሠረቱት ግን ቤቱ ቆሞ ይጠብቃል በሚል እምነት ላይ ነው። በናሚቢያ በረሃ ውስጥ ያለችው የአልማዝ ከተማ ኮልማንስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው ጨርሶ ከለቀቃት ወዲህ ክፍሎቿ አሸዋ እየሞላቸው ዛሬም ቆመዋል። ፎቶ አንሺው ዘንድሮ ባይሄድ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊሄድ ይችላል። ፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ቀበሌዎች እንዲህ ያለ ቀጠሮ አይሠራም።

ዝናብና ምስጥ ብቻም አይደሉም። ቤቱ ራሱ ተነቅሎ የሚሄድ ሀብት ነው። መሬት ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የግል አይደለም፤ በላዩ የተሠራው ቤት ግን የሠራው ሰው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም በመሬቱ የመጠቀም መብት ሲቋረጥ ንብረትን የማንሣት መብትን ያውቃል። ገበሬው ይህን ከአንቀጽ አልተማረውም፤ ከጥንት የሚያደርገው ነው። ቆርቆሮው ምስማሩ ሳይቀር እየተነቀለ፣ ጠማማው ምስማር በድንጋይ እየተቃና፣ የዋንዛው በር ከነመቃኑ፣ ደህና የወይራ ምሰሶ ካለም እርሱ ጭምር፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ አዲሱ ቦታ ይጓዛል። ለመጓዝ ያልበቃው እንጨት ለጎረቤት ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ አገር «የተተወ ቤት» ተብሎ ካሜራ ፊት የሚቆመው ቤት ሁልጊዜ ልዩ ምክንያት ያለው ነው። ሁሉም እየተነቀለ ሲሄድ ይኼ ለምን ቀረ? በዚህ ዘርፍ ጥሩውን ፎቶ ከተራው የሚለየው ለዚህ ጥያቄ መልስ መያዙ ይመስለኛል። ባለቤቱን የማያውቅ ፎቶ የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አይደለም ያለበት፤ በጥበብነቱም ይጎድላል፤ አንሺው የት እንደሚቆምና ምን እንደሚያነሣ ሳያውቅ የተነሣ ነውና።

መልሶቹ ብዙ ናቸው። አብዛኛው ቤት በአንድ ቀን አይለቀቅም፤ ደረጃው ይወርዳል እንጂ። ልጅ አድጎ ትዳር ሲይዝ፣ ወይም እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ፣ ባለ ቆርቆሮ ሰቀላ ቤት ከጎኑ ይሠራል። አሮጌው ጎጆ ማድቤት ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የጥጃ ማሰሪያ፣ ከዚያም የጭድና የኩበት ማስቀመጫ ይሆናል። በመጨረሻ በሩ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ይውላል። ይህን ጉዞ በየደረጃው የሚያሳይ ተከታታይ ፎቶ ቢሠራ ስለ ጎጃም ኑሮ አንድ መጽሐፍ የሚያህል ነገር ይናገራል። የሚያሳዝነው፣ ካሜራ የያዘው ሰው የሚደርሰው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ ያየውንም «መተው» ብሎ ይሰይመዋል። ቤተሰቡ ግን ዐሥር ርምጃ አልፎ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ቡና እያፈላ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት መንገድ ነው። የቀበሌ መንገድ ሲከፈትና መብራት በመንገዱ ሲያልፍ ከውስጥ ያሉ መንደሮች ወደ ዳር ይወጣሉ። ልጆቹ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቀርተው አባትና እናት ብቻቸውን የሚያረጁበት ቤትም አለ፤ እነርሱ ሲያልፉ «ቤቱ ተዘጋ» ይባላል። በውርስ ክርክር የተያዘ ቤትም አለ። ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ማንም ደፍሮ እንጨት አይነቅልም፤ ቤቱ ከነሙሉ አካሉ ቆሞ ይበሰብሳል። አላፊ አግዳሚው ውብ ፍርስራሽ ብሎ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አገሬው ደግሞ ያንን ቤት ሲያይ የሚታየው የወንድማማቾች ጠብ ነው።

ከነዚህ ምክንያቶች ሥር ደግሞ የታሪክ ንብርብር አለ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመው የርስት ሥርዓት ሰውን በአባትም በእናትም በኩል ከቀደምት አያቶች መሬት ጋር ያስተሳስር ነበር። የአያት ቤት ያረፈበት ቦታ ከትዝታ በላይ ነበር፤ ሰው ርስቱን ሲጠይቅ የሚቆጥረው የዘር ሐረግ እዚያው መሬት ላይ ነው የተተከለው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ ዳሞት ከአመፁ ማዕከሎች አንዱ ነበር። ርስትን የ1967ቱ አዋጅ አስቀረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደርግ መንደር ምሥረታን ሲያካሂድ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በተሰጠው መስመር ላይ እንዲሠራ ተደረገ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። በዚህ የተነሣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ዓይነት ኦና ተፈጠረ፦ መጀመሪያ የተለቀቀው አሮጌ ቀዬ፣ በኋላ የተለቀቀው የመንደር መስመር። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ይዞታን ዳግም ቀላቀለ። በመራዊ አቅራቢያ የቆጋ ግድብ ሲሠራም ውሃው የሚተኛበት ቦታ ላይ የነበሩ ሰዎች ተነሥተዋል።

ይህ ሁሉ ቤት ዛሬ የለም። ቦታው ግን ለሚያውቅ ዓይን ይታወቃል። ጉሎ በገዛ ፈቃዱ በቅሎ ከተገኘ፣ ጌሾ ያለ አጥር ቆሞ ከታየ፣ ቁልቋል ምንም በማይከልልበት ቦታ በመስመር ከተተከለ፣ እዚያ ሰው ነበር። የወፍጮ ድንጋይ ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ተሰብሮ ከሆነ ደግሞ ማንም አይወስደውም። በሐምሌ የበቆሎ ማሳ መሀል ከዙሪያው ይልቅ ጠቁሮና ረዝሞ የሚታይ ቁራሽ መሬት አለ። የዓመታት አመድ፣ እበትና ጥራጊ የጠጣ የድሮ ጓሮ ነው። እኔ በዚህ ርዕሰ ጉዳይ ላይ የምመኘው ምርጥ ፎቶ ቤት የሌለበት ፎቶ ነው፦ የበቆሎው ቀለም ልዩነት ብቻ የአንድን ቤት ዙሪያ የሚያሳይ። ከኮረብታ ላይ፣ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ሊነሣ የሚችል ምስል ነው።

የጎጃም ቤት በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ከፎቶ ቀድሞ ተመዝግቧል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በማንኩሳ ነው። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለና ውድነሽ ኑሯቸውን የመሠረቱት እዚያ ነው። አንባቢው ሰዎቹን የሚያውቃቸው ከነቤታቸው፣ ከነጎረቤታቸው፣ ከነደብራቸው ነው። ያንን ዓይነት ቤት በምስል የያዘ ማህደር ግን በጣም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የመጣው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን በትግራይ ከሐውልቶቹ ጎን የሕዝቡን መኖሪያ ቤት ጭምር በፎቶና በንድፍ መዝግቦ በ1913 አሳትሟል። ጎጃም እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ፎቶዎች አውጥቷል፤ የእርሱ ልብ ግን ወንዙ ላይ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር በኦሜድላ ገብተው ጎጃምን አቋርጠው ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሡ በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ የጣሊያን ምሽጎች ነበሩ። ካሜራ የሚከተለው ይህን ዓይነት ታሪክ ነው፤ ጦር የሚሠፍርበትን ድንጋይ ሲያነሣ በዚያው መንገድ ዳር የነበረውን የገበሬ ጎጆ ያልፈዋል።

ወደ ዓለሙ ስንመለስ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርቡት ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤሸር ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በዚገን አካባቢ የሠራተኞችን ቤቶች አነሡ፤ የእንጨት አጽም ያላቸው፣ መሀላቸው የተመረገ ቤቶች ናቸው። ሁሉንም ከፊት ለፊት፣ በተመሳሳይ ርቀት፣ ደመና ባለበት ቀን፣ ጥላ ሳይኖር አነሧቸውና ጎን ለጎን ደረደሯቸው። ተመልካቹ ስሜት እንዲሰማው የሚገፋፋ ነገር የለም፤ ዓይኑ ግን ይሠራል። የአንዱ አናጢ እጅ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ፣ ማገሩ የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ ማየት ይጀምራል። የጎጃም ቤትም አጽሙ እንጨት ነው፤ ምርጊቱ ሲወድቅ የሠሪው እጅ ይታያል። አንዱ ማገሩን በልጥ ያስራል፣ ሌላው በሐረግ፣ የቅርብ ጊዜው በምስማር። ዐሥራ ሁለት የገጠጡ ግድግዳዎች እንዲህ ተደርድረው ቢታዩ ከአንድ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ይልቅ እኔን ይይዙኛል።

ሁለተኛው መምህር ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪድ ጎልድብላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው መጽሐፉ አገሩን በሕንፃዎቿና በፍርስራሾቿ በኩል ያነብባል። ከፎቶው ሥር የሚጽፈው መግለጫ ረጅምና ጥብቅ ነው፦ ማን ሠራው፣ መቼ፣ ማን አፈረሰው፣ በምን ሕግ። ጎልድብላት ቃሉን ከምስሉ አላሳነሰውም። አንድ የተነቀለ ቤት ወለል ብቻ የሚታይበት ፎቶ በመግለጫው ክስ ይሆናል። ለምዕራብ ጎጃም ይህ መንገድ ግድ ነው እላለሁ፤ የመንደር ምሥረታ ኦናና የውርስ ክርክር ኦና በምስል ብቻ አይለዩምና።

ማስጠንቀቂያም ከዓለም አለ። ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1936 በአላባማ የጥጥ ገበሬዎችን ቤት አነሣ፤ ከጄምስ ኤጂ ጽሑፍ ጋር በ1941 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ፎቶዎቹ እጅግ ድንቅ ናቸው፤ ባዶ ግድግዳ ላይ የተሰካ ማንኪያ እንኳ ክብር ያገኘው በእርሱ ሌንስ ነው። ከአምስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሁለት ጋዜጠኞች የእነዚያን ቤተሰቦች ልጆች ፈልገው አገኙና ሌላ መጽሐፍ ጻፉ፤ ከልጆቹ መካከል ድህነታቸው በዓለም ፊት መሰጣቱ ያሳፈራቸው ነበሩ። ዲትሮይት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የፍርስራሽ ፎቶ መናኸሪያ ሆነች፤ ፈረንሳውያኑ ኢቭ ማርሻንና ሮማን ሜፍር ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ በዓለም ተሸጠ። የከተማዋ ሰዎች ግን ተቆጡ። በዚያው ዓመት ከ700 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባት ነበር፤ በፎቶዎቹ ውስጥ ሰው አይታይም። ሰው የሚኖርበትን አገር ሰው የሌለበት አስመስሎ ማሳየት ውሸት ነው፤ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢያምር።

በአገራችን የፈረሰና የሚፈርስ ቤትን በጥበብ ዓይን ያዩት ሥራዎች በአብዛኛው የከተማ ናቸው። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመርቆ፣ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። የአዲስ አበባን መለወጥ ተከታትሎ ያነሣቸው ሥራዎቹ፣ እንዲሁም በመቃብር ሐውልት ላይ የተለጠፉ የሟቾች ፎቶዎች በፀሐይና በዝናብ ሲደበዝዙ ያሳየባቸው ምስሎች፣ ለዚህ ርዕስ ቅርብ ናቸው። ሠዓሊነቱ ይታያል፤ የላዩን ገጽታ ያከብራል፤ ስንጥቅንና ዝገትን አያጣድፍም። አንኮበርንም አንሥቷል፤ ገጠሩን ለማየት ከተማውን ለቆ መውጣቱ ብቻ በእኛ ዘንድ ብርቅ ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ለኢትዮጵያውያን ፎቶግራፈሮች የዓለም መድረክን አዲስ አበባ ድረስ አምጥቷል። ማኅደር ኃይለሥላሴ አሮጌ ፎቶዎችን ከዛሬ ጋር የምታነጋግርበት ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2023 የአፍሪካ የዘመናዊ ፎቶግራፍ ሽልማት አግኝቷል። አሮጌ የቤተሰብ ፎቶዎችን የሰበሰበው «ቪንቴጅ አዲስ» እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ ሲወጣ የቤተሰብ አልበም ታሪክ መሆኑን ብዙ ሰው አመነ። የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና የዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ መጽሐፍም የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች ስማቸውን፣ ባለቤታቸውንና ፕላናቸውን አያይዞ መዝግቧል። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ካዛንቺስን ነው የሚያየው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ስልክ የያዘ ሁሉ አነሣት። ጃቢ ጠህናን ውስጥ አንድ ጎጆ ሲወድቅ የሚያየው ጎረቤት ብቻ ነው።

የስልክ ነገር ከተነሣ፣ ኦና ቤትን አሁን በብዛት የሚያነሡት ፎቶግራፈሮች አይደሉም። በውጭ አገር የሚኖሩ የጎጃም ልጆች ለበዓል ሲመጡ ያደጉበትን ቤት ያነሡታል። የዋሽንት ድምፅ ከሥሩ ተጨምሮ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ናፍቆቱ እውነተኛ ስለሆነ አልንቀውም። ችግሩ ዋሽንቱ ሁሉንም ቤት አንድ ያደርገዋል፤ የማን፣ የት፣ ለምን የሚለው ይጠፋል። ከዚያ ውስጥ አንዳንዱ ምስል፣ አባቱን የሚያውቅ ልጅ ያነሣው ስለሆነ፣ ማንም ባለሙያ ሊደርስበት የማይችል ዝርዝር ይይዛል። በሩ ላይ በቢላ የተጫረ ስም፣ ልጆቹ ቁመታቸውን የለኩበት ምሰሶ የሚያነሣው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ሙያው። የጎጃም ጎጆ ውስጡ ጨለማ ነው፤ መስኮት የለውም፣ ቢኖረውም ጠባብ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ ጣሪያው ከሳሳ ደግሞ በቀዳዳው። ፍላሽ የሚያበራ ሰው ቤቱን ገደለው። ጥቀርሻ ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ጥልቅ ጥቁር ነው፤ ውበቱ የሚወጣው ከጎን በሚመጣ ደካማ ብርሃን ነው። ትራይፖድ ተክሎ፣ የበሩን ብርሃን ከኋላ ወይም ከጎን አድርጎ፣ ሌንሱን ለብዙ ሰኮንድ ከፍቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ መደቡ ይታያል፤ የጎታው ክብ አሻራ ወለሉ ላይ ይወጣል፤ ጉልቻዎቹ የነበሩበት ቦታ በእሳት ቀልቶ ይቀራል። ግድግዳው ላይ ፎቶ ወይም ሥዕለ ማርያም ተሰቅሎ የነበረበት ቦታ ከጥቀርሻው መሀል ፈዘዝ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀመጣል። ቤተሰቡ ሲወጣ ምን አስቀድሞ እንዳነሣ የሚናገረው ያ አራት ማዕዘን ነው። ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ደግሞ ራሱ ዓመተ ምሕረት አለው፤ ጠጋ ብሎ ማንበብና በመግለጫው ላይ ማስፈር ነው።

ከውጭ፣ የበጋ እኩለ ቀን ቆርቆሮን ነጭ አድርጎ ዝርዝሩን ይበላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ብርሃን ለጭቃ ግድግዳ ይስማማል፤ የገለባውን ጫፍ ሁሉ ያወጣል። እንደ ቤሸሮች ጥላ የሌለው ብርሃን የፈለገ ክረምትን መድፈር አለበት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ደመናው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ይሰጣል። ቤቱም የሚወድቀው በዚያው ወቅት ነው።

ጥቁርና ነጭ ወይስ ባለ ቀለም? እኔ ባለ ቀለሙን እመርጣለሁ። ጥቁርና ነጭ የትናንቱን የመቶ ዓመት ያስመስለዋል፤ ድህነትንም ዘላለማዊ ያስመስላል። ቀለሙ ግን መረጃ ነው። የቡሬ ዙሪያ ቀይ አፈር ምርጊቱ ላይ ይታያል፤ በነጭ አፈር የተቀባ ውስጠኛ ግድግዳ ለሠርግ ወይም ለበዓል የተዘጋጀ ቤት እንደነበረ ይጠቁማል፤ የባሕር ዛፍ ማገር ከአሮጌው የአገር በቀል እንጨት በቀለሙ ይለያል፤ ቤቱ የተሠራበትን ዘመንም ይገምታል።

ፈቃድ የሚለው ነገር ከቴክኒኩ አይለይም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 13 ደግሞ የመኖሪያ ቤትን አለመደፈር ይጠብቃል። ስለ ባዶ ቤት ፎቶ ሕጉ ዝም ሊል ይችላል፤ ባህሉ ግን ዝም አይልም። ኦና ቤት የቤተሰብ ሐዘን ነው፤ አንዳንዱም ጋኔን ሰፍሮበታል ብሎ በምሽት አያልፍበትም። በጎጃም ገጠር ካሜራ ከማውጣት በፊት ሰላምታ አለ፤ እርሱም ረጅም ነው። «እንደምን ዋሉ አባባ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና?» ተብሎ፣ አንቱ እየተባለ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ተጠይቆ፣ ከየት እንደመጡ ታውቆ ነው ወደ ቤቱ ጉዳይ የሚገባው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አይቀሬ ነው፦ ምን ሊያደርግልህ ነው? ለዚህ ጥርት ያለ መልስ የሌለው ሰው ካሜራውን ባያወጣ ይሻለዋል። መልስ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከጠበቀው በላይ ያገኛል፤ የሠፈሩ ሽማግሌ አብረውት ሄደው ምሰሶው ከየት ጫካ እንደመጣ፣ ደቦው ላይ ማን ማን እንደነበረ ይነግሩታል። የፎቶው መግለጫ የሚጻፈው እዚያው ነው።

ጦርነቱን ሳያነሡ ይህን ዳሰሳ መጻፍ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው፤ ምዕራብ ጎጃም ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ ጥቃት በርካታ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊትም ከመተከልና ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ወደዚህ መጥተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. በአጎራባቹ አዊ ዞን፣ ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ቦታ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠልለው ነበር። እነርሱም ቤት ለቀው የመጡ ናቸው፤ ቤታቸውም ዛሬ በሆነ ቦታ ባዶ ነው ወይም አመድ ነው። በስጋት የተለቀቀ ቤት የተተወ ቤት አይደለም። ባለቤቱ ቁልፉን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቤት በለስላሳ ብርሃን አሳምሮ ለአዳራሽ ግድግዳ ማቅረብን አልቀበልም፤ ቢያንስ ባለቤቱ ተመልሶ ወይም ተገኝቶ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ። መመዝገብ ግን ያስፈልጋል። ለፍትሕና ለካሣ ማስረጃ የሚሆን ፎቶ ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ፣ ሳይከረከም ይነሣል፤ ተሰውሮም ይቀመጣል። የጥበቡና የማስረጃው ሥራ ሲምታቱ ሁለቱም ይበላሻሉ። አሁን ካሜራ ይዞ በገጠር መዞር ራሱ በየትኛውም ወገን ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ለፎቶ አንሺውም ለአስጎብኚውም ሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚሻለው ሰው ከአዲስ አበባ የሚሄደው አይደለም፤ እዚያው የሚኖረው መምህር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም ተማሪ ነው። ደህና ስልክ ይበቃዋል። የጥቀርሻውን ጨለማ እንኳ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ መያዝ ይችላል።

ሥራው ቢሠራ የት ይታያል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። አዲስ አበባ ያሉ ማዕከላት፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየምም ሆነ የውጭ አገር የባህል ተቋማት፣ ለሠሪው ስም ይሰጣሉ። ነገር ግን በጥበቡ ላይ የመጀመሪያውን ፍርድ መስጠት የሚገባቸው ምርጊት የመረጉ ሰዎች ናቸው። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ቅዳሜ የገበያ ቀን፣ ግድግዳው ላይ ሠላሳ ፎቶ፣ ከሥራቸው በአማርኛ የተጻፈ ረጅም መግለጫ። ገበያተኛው መጥቶ «ይኼስ ምሰሶው አልተሳሳተም?» ቢል፣ «ይኼ የእነ እገሌ ነው፣ ዓመቱን ተሳስታችኋል» ቢል፣ ያ እርማት መግለጫው ላይ በእጅ ጽሑፍ ይጨመር። ለባለቤቱ ቤተሰብ አንድ ኅትመት በነጻ ይሰጥ፤ ፎቶው ከተሸጠ ደግሞ ከሽያጩ ድርሻ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ በተስማሙት መጠን።

አንድ ሥራ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ባለቤቶቹ የፈቀዱ ጥቂት ቤቶች ይያዙ፤ ከአምስት አይበልጡ። እያንዳንዱ በግንቦት መጨረሻ ከዝናቡ በፊት፣ በጥቅምት ከዝናቡ በኋላ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት በነዚያው ሁለት ወቅቶች፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሌንስ ይነሣ። ትራይፖዱ የቆመበት ቦታ በድንጋይ ምልክት ይደረግ፤ ድንጋዩ እንዳይነሣ ለጎረቤት አደራ ይሰጥ። ቆርቆሮው ወይም እንጨቱ ከተነቀለም ፎቶ አንሺው ተከትሎት ሄዶ በአዲሱ ቤት ላይ የት እንደዋለ ያንሣ። ያ የወይራ ምሰሶ በመንገድ ዳር አዲስ ጣሪያ ተሸክሞ ሲቆም የሚያሳየው ፎቶ ከቀሩት ጋር በአንድ ረድፍ ይሰቀል።